ለቅናሽ ስንል ሰርግ መራን

ባሌ በዚህ አገር ለባጃጅ መንገድ የሚለቅ ብቸኛው የሚኒባስ ሹፌር ሳይሆን አይቀርም። ከመልካሳ አዳማ ሰው እንጭናለን፤ እሱ መሪው ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ረዳት። ተሳፋሪው "ሹፌር፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?" ይለዋል። እሱ በኦሮምኛ "ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ ነው" እያለ ይስቃል። "ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲለኝ፣ እኔ ቆሽቴ እያረረ "ዕንቁላሉስ ይሂድ፣ እኛ መቼ ነው የምንደርሰው?" እለዋለሁ።

ዘንድሮ ግን አፌን ዘጋሁ። ኢንሹራንሳችን የሚታደስበት ጊዜ ደረሰ። ዓመቱን ሙሉ ሳይጋጭ፣ ካሳ ሳይጠይቅ ለከረመ መኪና ክፍያው ይቀነስለታል። ያ ቅናሽ ከሌለ ሙሉ ኢንሹራንስ መግባት አቅማችን አይደለም፤ ያበደረን ባንክ ደግሞ ያለ ሙሉ ኢንሹራንስ አያሠራንም። መኪናችን ቆመች ማለት ነው፣ እኛም አብረናት።

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ አዳማ ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። መኪናዋ ለምርመራ ስትቀርብ እንዳናፍር አጥበን፣ ወልውለን፣ ሰው ሳንጭን ወደ አዳማ ጉዞ ጀመርን። ነጭ፣ የምታብረቀርቅ፣ የምታዘግም ሚኒባስ! ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው።

ከኋላችን የወንድ ወገን ሙሽራ ሊያመጣ አዳማ እየሄደ ነበር። የፊተኛው ሹፌር ንጣታችንንና እርጋታችንን አይቶ የአጀቡ መሪ መሰልነው፤ ፍሬቻውን እያበራ ተከተለን። ሌላውም ተከተለ። ዞር ስል የመኪና ሰልፍ! ጥሩምባው፣ ጭብጨባው፣ ዘፈኑ! ቪዲዮ ቀራጩ ባጃጅ ላይ ተንጠልጥሎ ይዞረናል፤ ስፖኪዮአችንን ሊነካ ምንም አልቀረው።

"አንተ፣ ገጨን!" ብዬ ጮህኩ።

"አልገጨንም። ፈገግ በይ፣ እየቀረጸሽ ነው" አለኝ፣ ላቡ እየወረደ።

እኔ ሞኟ እጄን አወዛወዝኩ! ሳቁም ፍርሃቱም አንድ ላይ ያዘኝ። አንዲት ጭረት ብቻ፣ አለቀልን እኮ! አዳማ ስንገባ የትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር መንገድ ከፍቶ በሰላምታ አሳለፈን።

ኢንሹራንስ ቢሮው በር ላይ ስንቆም አጀቡም ቆመ። አንድ ሽማግሌ ካባቸውን ሰብስበው ወረዱና "የሙሽራዋ ቤት እዚህ ነው?" አሉ።

"አይ አባቴ፣ እኛ ኢንሹራንስ ልናሳድስ ነው" አላቸው ባሌ።

ሚዜዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ሽማግሌው ግን ሹፌራቸውን በቁጣ እያዩ ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

የኢንሹራንሷ ባለሙያ ወጥታ መኪናዋን ዞራ አየች፤ ጎንበስ ብላ ከሥር ሁሉ አየች። ገብታ ኮምፒውተሯን ነካካችና "ዘንድሮም ምንም አደጋ የለባችሁም፤ ቅናሹ ይገባችኋል" አለች።

አላስቻለኝም። እዚያው ቢሮ መሃል እልልታዬን አቀለጥኩት! ጥበቃው እየሮጠ ገባ። ወረፋ የሚጠብቁ አንዲት እናት ከወንበራቸው ብድግ ብለው "ማን ወለደ?" አሉ።

"ማንም አልወለደም እማማ! ዓመቱን ሙሉ ማንንም አልገጨንም!"

እሳቸውም እልልታውን ተቀበሉኝ።