ስድስታችን የፈረምንበት ደብዳቤ

ቡራዩ ውስጥ አብራሪ መሆኔ ከታወቀ ወዲህ ማንም በደህና ዋጋ ሸጦልኝ አያውቅም። ሥጋ ቤቱ ለሌላው ሰው የሚመዝነውን ለእኔ ሲመዝን ዋጋው ከፍ ይላል። የዕድሩ ሰብሳቢ መዋጮ ሊቀበሉ ሲመጡ "አንቺማ ከሰማይ ነው የምትዘግኚው" ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያኔ የነበሩኝ ነጭ ሸሚዞች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱን ለብሼ ስውል ሌላው የግቢው ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይውላል።

ይህ የሆነው አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ሊያሰፋ የታሰበው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ባስነሳባቸው ዓመታት ነው። በአንድ ትንሽ የግል የበረራ ድርጅት ውስጥ ረዳት አብራሪ ነበርኩ። ትልቋ አውሮፕላናችን የምትጭነው አሥራ ሁለት ሰው ነው። ቱሪስት እናመላልሳለን፣ በሽተኛ እናመጣለን፣ አንዳንዴም ከክትባት ሳጥን በቀር ምንም ሳንይዝ እንበርራለን። አብራሪዎቹ በጠቅላላው ስድስት ነን። ደመወዛችን እኔ ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም፤ ኪራይና ጤፍ ግን አንድም ዓመት ባሉበት አድረው አያውቁም። ከተማ ውስጥ ቤት መከራየት ስላልቻልኩ ቡራዩ፣ በአንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ይዤ ነበር። ሽማግሌውን ሰፈሩ ሁሉ "ኦቦ" ይላቸዋል፣ በኦሮምኛ አቶ እንደ ማለት ነው፤ እኔም የምጠራቸው በዚያው ነበር።

ጎህ ሲቀድ ስወጣ ኦቦ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

"አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ነጋ ዳ ኦቦ፣ ደህና ነኝ። እንዴት አደሩ?"

"ዛሬ ወዴት ነሽ?"

"ጅማ" ስላቸው፣ ጅማ ከወንዙ ማዶ ያለች መንደር ይመስል "ሰላም በይልኝ" ብለው ይሸኙኛል። ሲነጋ ከሳቸው ግቢ ወጥቼ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደመና ላይ እሆናለሁ። ሲመሽ ደግሞ የዚያው ግቢ ጭቃ ላይ ነኝ። ዛሬ ሳስበው እነዚያ ዓመታት በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለፉ ይመስለኛል። ከየትኛው ወገን እንደነበርኩ አንዳንዴ ይጠፋኛል።

አብዛኛውን ጊዜ የምበርረው ከስድስታችን አንጋፋ ከሆኑት ካፒቴን ጋር ነው። ሰበታ ነው የሚኖሩት። ጠጉራቸው ሸበቶ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ መሪውን በሁለት ጣት የሚይዙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ትከሻቸው ላይ፣ የካፒቴንነት ምልክት በሆኑት አራት የወርቅ መስመሮች መካከል፣ ትንሽ ነጭ ላባ ተጣብቆ አየሁ። ላነሳላቸው እጄን ስዘረጋ ቀድመውኝ አነሱትና በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት።

"ዶሮ አረባለሁ" አሉኝ። "ሦስት መቶ ጫጩት። ልጆቹን የሚያስተምሩልኝ እነሱ ናቸው፤ ይቺ አውሮፕላን አይደለችም።"

ከዚያ በኋላ ስለ ጫጩት ብዙ አወቅሁ። ጫጩት ሙቀት ይፈልጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከሰል እያቀጣጠሉ የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። በማለዳ ተነስተው ከሰበታ ቦሌ ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይቀያይራሉ፤ የድርጅቱ መኪና ሠራተኛ የሚያመላልሰው ከተማው ውስጥ ብቻ ነበርና። ተቃውሞው ሲጀመር ደግሞ ታክሲውም በየቀኑ የሚገኝ አልሆነም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰው ይዘን ከጅማ ስንመለስ የጊቤን ሸለቆ አለፍን። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ የረጋ ነበር። የሞተሩ ድምፅ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲቆይ ጆሮ መስማቱን ይተወዋል፤ በዝምታ ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስላል። ከኋላ አንዲት እናት ለሕፃኗ እሹሩሩ ትላለች። ወሊሶን ካለፍን በኋላ ካፒቴኑን አንድ ነገር ልጠይቃቸው ዞርኩ። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ነው።

"ካፒቴን" አልኩ።

አልሰሙኝም። ሁለተኛ ጠራኋቸው። ደረታቸው በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፊታቸው የልጅ ፊት ሆኗል። ክንዳቸውን ነካሁት፤ እጃቸው ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ እንጂ ዓይናቸው አልተከፈተም። ለምን እንዳልጮህኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተሳፋሪዎቹ ይሰማሉ ብዬ ይሆናል፤ ወይም ያን ያህል የደከመ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ይሆናል። ሬዲዮውን አነሳሁ፣ ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ከፍታችንን መቀነስ ጀመርኩ። ከታች የተፍኪ ሜዳ ላይ ክረምቱ የተወው ውሃ እንደ ተሰበረ መስታወት ተበትኖ ያበራል፤ ነጫጭ ወፎች ከአንዱ ተነስተው ሌላው ላይ ያርፋሉ። ፍርሃቴ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሲመጣ ግን አንዱን መለኪያ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ሰበታ ስንቃረብ የአበባ እርሻዎቹ የላስቲክ ጣሪያ ያንጸባርቅ ጀመር። ከዚያ ወዲህ፣ በዋናው መንገድ ላይ፣ ጥቁር ጭስ በሁለት ቦታ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የጎማ ጭስ ነው። ካፒቴኑ የነቁት ያኔ ነው። መጀመሪያ ያዩት ጭሱን ነው፤ ቀጥሎ እኔን።

"ስንት ደቂቃ ተኛሁ?"

"ከወሊሶ ጀምሮ።"

"አሳርፊያት" ብቻ አሉኝ። አሳረፍኳት። ተሳፋሪዎቹ አመስግነው ወረዱ። ያቺ እናት የሕፃኗን እጅ ይዛ "ቻው በላቸው" አለችው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሳንም።

"ሪፖርት ይደረጋል" አልኳቸው፤ ድምፄ ራሴን አሳፈረኝ።

"ይደረጋል እንጂ። ግን እኔ ራሴ ነኝ የምናገረው። መተኛቴን ብቻ አይደለም፣ ለምን እንደተኛሁም እናገራለሁ።"

ያን ሳምንት ስድስታችን ተሰብስበን ደብዳቤ ጻፍን። ደመወዛችን እንዲሻሻል፣ የበረራ ሰዓታችን ልክ እንዲኖረው፣ የድርጅቱ መኪና ከከተማ ውጭ ያለነውንም እንዲያመላልስ ጠየቅን። የካፒቴኑን ነገር በጽሑፍ አላሰፈርነውም፤ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በምናደርገው ስብሰባ ራሳቸው ሊናገሩት፣ እስከዚያም ላይበርሩ ከእኛ ጋር ተስማምተው፣ አሞኛል ብለው ፈቃድ ወሰዱ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም በአንድ ላይ ሊያነጋግሩን ቀን ቆረጡ።

ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ግን ብቻዬን አስጠሩኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሻይ አዘዙልኝ፣ ታማ ስለነበረችው እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጡ።

"አንቺ ገና ወጣት ነሽ" አሉኝ። "ካፒቴንነትሽን በዚህ ዓመት እንጨርሰዋለን። ደመወዝሽም ከሌሎቹ ተለይቶ ይስተካከላል። ስምሽን ብቻ ከዚህ ላይ እናውጣው።"

"እስከ ነገ ይስጡኝ" አልኳቸው። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን አልወጣኝም። ወደ ቡራዩ ስመለስ ታክሲው ውስጥ አራት መስመር ትከሻዬ ላይ ሆኖ ታየኝ። እናቴን አሳክሜ፣ ቤት ቀይሬ፣ ሸሚዝ በደርዘን ገዝቼ ነበር የወረድኩት።

ግቢ ስገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ኦቦ ለላማቸው ድርቆሽ እየበተኑ ነው። ፊቴን አይተው "ምን ሆንሽ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ድርቆሹን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉና ጉቶ ላይ ተቀመጡ።

"የመንግሥት ሰዎች የእኛን መሬት ሊወስዱ ሲለኩ" አሉ፣ "አሥራ አንድ ገበሬ ነበርን። ስብሰባ ይጠሩናል ብለን ስንጠብቅ አንድ አንድ እያደረጉ ጠሩን። እኔን 'አንቱ ሽማግሌ ነዎት፣ ለእርስዎ ካሳውን እናሻሽላለን፣ ለማንም እንዳይናገሩ' አሉኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ለቅሶ ላይ ተገናኘን። ከአንዱ አፍ ቃል አመለጠ። ለካስ ለአሥራ አንዳችንም ያሉን ያንኑ ነው። ካሳው ለሁላችንም ያው፣ ትንሽ ነው። እኔን ያቃጠለኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ያን ሁሉ ወር ጎረቤቴን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ መክረሜ ነው።"

እንዲህ አድርጊ አላሉኝም። ተነስተው ድርቆሻቸውን መበተን ቀጠሉ።

በማግስቱ መንገዱ ተዘግቶ አደረ። ታክሲ የለም፣ ሱቅ አልተከፈተም፣ ስልክ እንኳ አይሠራም። ጭጋጉ ከገፈርሳ በኩል ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል፤ ከሩቅ የጥይት ይሁን የሌላ ነገር ያልታወቀ ድምፅ ይሰማል። ዩኒፎርሜን ለብሼ ነጠላ ደረብኩበት። ኦቦ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ብቻሽን አትሄጂም" አሉኝ።

አስፋልቱ ባዶ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የራሴን እርምጃ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኬላው ጋ ስንደርስ ድንጋይና ግንድ ተደርድሯል፤ ከኋላው ወጣቶች ቆመዋል። ኦቦ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧቸው፣ ሰላምታው ረጅም ነበር፣ የአንዱን አባት ስም ጠርተው ጠየቁት። ከዚያ ወደ እኔ እያመለከቱ ስለ ደመወዝ ጥያቄያችን አወሯቸው። አንዱ ነጠላዬ ሥር ያለውን ሸሚዝ አይቶ በአማርኛ ጠየቀኝ።

"የምርሽን ነው? ፓይለት ሆነሽ ደመወዝ አነሰን ብላችሁ ነው?"

"አዎ።"

ሊስቅ ብሎ ተወው። "ከላይ ሆነሽ ስታዪን ምን እንመስላለን?"

መዋሸት አልፈለግሁም። "ጭሱ ነው የሚታየኝ" አልኩት። "ሰው ከዚያ ከፍታ አይለይም።"

ትንሽ አሰበና ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አንከባለለ፤ በክፍተቱ አለፍኩ። ኦቦ እዚያው ቀሩ። "ገለቶሚ" አሉኝ፣ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው፤ ማመስገን የሚገባኝ ግን እኔ ነበርኩ። ዞሬ ሳይ ጭጋጉ ውስጥ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ከወጣቶቹ ጋር ያወራሉ። አስኮ ድረስ በእግሬ ሄጄ ታክሲ አገኘሁ።

ቢሮ ስደርስ አራቱ ቀድመውኛል። ካፒቴኑ የሉም። ሥራ አስኪያጁ በዓይናቸው ጠየቁኝ። "ስሜ እዚያው ይቆይ" አልኳቸው፣ ሁሉም እየሰሙ፤ የትናንቱንም ነገር ለጓደኞቼ እዚያው ተናገርኩ። አንደኛው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በኋላ እንደነገረን እሱንም ጠርተውት ኖሯል።

ካፒቴኑ የገቡት ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከሰበታ ዓለም ገናን አልፈው አየር ጤና ድረስ በእግራቸው መጥተዋል፤ ጫማቸው አቧራ፣ ሸሚዛቸው ላብ በላብ ነው። ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም።

"ዘጠኝ ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ ተኝቻለሁ" አሉ። "ይቺ ልጅ ባትኖር ዛሬ የምታወሩት ሌላ ነበር። ቅጡኝ። ግን ቀን አብራሪ፣ ሌሊት ዶሮ ጠባቂ ሆኜ ለመኖር የተገደድኩት ወድጄ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምትመልሱት ለእኛ ብላችሁ አይደለም፣ ከኋላችን ለሚቀመጠው ሰው ብላችሁ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

መልሱ ወራት ፈጀ። ካፒቴኑ ለሁለት ወር ከበረራ ታግደው ሐኪም እንዲያያቸው ተደረገ፤ ቅጣቱን ያለ ቅሬታ ተቀበሉ። ከመካከላችን ሁለቱ መጠበቅ ሰልችቷቸው ወደ ዓረብ አገር ድርጅቶች ሄዱ። የድርጅቱ ባለቤት በእነሱ ቦታ የሚቀጠር አብራሪ በዚያ ደመወዝ ሲያጡ ነው ደብዳቤያችን ከመሳቢያ የወጣው። የጠየቅነውን ሁሉ አላገኘንም። ጭማሪው ግን ጭማሪ ነበር፤ የበረራ ሰዓታችንም ልክ ተበጀለት፣ መኪናውም ቡራዩና ሰበታ መምጣት ጀመረ። የእኔ ካፒቴንነት ሁለት ዓመት ዘገየ። እናቴን ያሳከምኳት በጭማሪው ነው።

ማስተር ፕላኑ መቅረቱን በሬዲዮ የሰማን ቀን ኦቦ ሬዲዮውን ጆሮአቸው ላይ አስጠግተው እስከ መጨረሻ አዳመጡ። "የእርስዎስ መሬት?" አልኳቸው። "የእኔማ ፎቅ በቅሎበታል" አሉ። "መሬቱ ገና ያልተለካበት ደስ ይበለው።"

ካፒቴኑ ወደ ሥራ በተመለሱ ሰሞን አንድ ማለዳ አብረን ወደ ባሕር ዳር በረርን። እንጦጦን ስናልፍ ሱሉልታ በጉም ተሞልታ ጠበቀችን፤ ሜዳው የለም፣ ቤቱ የለም፣ የወተት ሐይቅ ብቻ ነው። ከመካከሉ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጉልላትና የባሕር ዛፍ ጫፎች ብቅ ብለዋል። ካፒቴኑ ትልቋ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ነገሩኝ፤ ምን እንደምታጠና ስጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ።

"እርሻ" አሉኝ። "እንደ እኔ አብራሪ ልሁን ብላኝ ነበር፤ ደመወዙን እስካስተካክል ጠብቂ ብዬ አዘገየኋት። እሷ ግን አልጠበቀችኝም።"

ጉሙ ጫንጮ ድረስ አልተቋረጠም።