በቦኖው ፊት ያንቀረቀብናት ኳስ

ባለፈው ሳምንት ለትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ካርቶን መጣ። እዚህ ወገል ጤና ከተማ፣ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ ቁጭ ብዬ ማሰሪያውን ስቆርጠው ቢጫው ፕላስቲክ ጣቴ ላይ ተጠመዘዘ። ፀሐይ የመታው ጄሪካን ሽታ ሽው አለኝ። ልቤ ወዲያው ላሊበላ ገባ፤ ከሠፈራችን የውሃ ቦኖ ፊት ቆምኩልህ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ውሃ በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴም ቀኑን ይረሳዋል። ፀሐይ ከአሸተን ማርያም ተራራ ብቅ ሳትል ጄሪካኖቻችን በቀዩ ድንጋይ ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ወረፋው ግን ሰላም አያውቅም። እናቴና ጎረቤታችን በአንድ ጄሪካን ቦታ ተጣልተው ዓመት ሙሉ ተኳርፈዋል። አጥር ብቻ የሚለያቸው ሴቶች ቦኖው ላይ ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ። እኔም ለእናቴ ብዬ ጎረቤታችንን ያላየኋት መስዬ አልፋት ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ ሴት ናትና ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

እንግዳዋ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ከታይላንድ ናት፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ልታይ መጥታ እኛ ሠፈር አረፈች። ውሃ ሲጠፋ እሷም ጄሪካን አንጠልጥላ ወረፋ ያዘች። የተኮሳተረውን ፊታችንን ትንሽ አየችና ከቦርሳዋ ከሐረግ የተጠለፈች፣ ቅል የምታህል ኳስ አወጣች። በእግሯ አነሣቻት፣ በጉልበቷ ተቀበለቻት፣ ወደ እኔ ላከቻት። ጣልኳት። ሳቀችና እንደገና ላከችልኝ።

በተሰባበረው እንግሊዝኛዬ ጠየቅኳት። በእሷ ከተማ፣ አለችኝ፣ ፀሐይ ስትበርድ የባንክ ሠራተኛውም፣ ሞተረኛውም፣ ዘበኛውም መናፈሻ ውስጥ ክብ ሠርተው ይህችን ኳስ ያንቀረቅባሉ። አሸናፊ የለም፤ ኳሷ መሬት እንዳትነካ ብቻ ነው። ገበያው ላይም፣ መንገድ ዳርም፣ ሥራ ላይም ጨዋታ አይጠፋም። «ሳኑክ እንለዋለን» አለች። «ሳኑክ የሌለው ነገር ለእኛ ጨው የሌለው ወጥ ነው።»

ስትሄድ ኳሷን ትታልን ሄደች። ሁለት ሳምንት አንቀረቀብናት፤ በሦስተኛው ባጃጅ ጨፈለቃት። ማታውኑ እናቴ ስብርባሪዋን እያገላበጠች ስታጠና አየኋት። ስፌት አዋቂ ናት። በስንደዶ ሞከረች፤ በሁለት ምት ተበተነ። ከዚያ ከባለሱቁ የካርቶን ማሰሪያ ለቃቅማ ጠለፈችው። ቢጫ ኳስ ወጣ፤ ሲመቱት ጠጠር የመታ ያህል ቀጭ ይላል።

የቦኖው ጠባቂ ግን ጨዋታችንን ጠልተውታል። ጋቢያቸውን የማይጥሉ፣ ቁጡ አዛውንት ናቸው። አንድ ጠዋት ኳሷን ከመሬት አንሥተው ብብታቸው ውስጥ ከተቷት።

«ይሄ የውሃ ቦታ ነው፣ የጭፈራ? ነገ ጄሪካን ትሰብሩና ደግሞ ጠብ ይነሣል። በቃ፣ አበቃ!»

እናቴ ከሰልፉ ወጣች።

«አባባ፣ ያለ እሷስ ጠብ ጠፍቶ ያውቃል? እስከ ሃምሳ ሳትወድቅ ከቆየች ይተዉልን። ከወደቀች በገዛ እጄ እቆራርጣታለሁ።»

ጠባቂው እናቴን ሽቅብ ቁልቁል አዩዋት። «እቆጥራለሁ እኔው ራሴ» አሉና ኳሷን ከብብታቸው አወጡ።

ጀመርን። እስከ ሃያ ተቀምጠው ቆጠሩ። ሠላሳ ላይ ከድንጋያቸው ተነሡ። አርባ ላይ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዷል፣ እሳቸው ግን አላወቁም። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አብሮ ይቆጥራል። አርባ ሰባት ላይ ኳሷ ከጉልበቴ ሾልካ ወደ ጄሪካኖቹ በረረች፤ ጎረቤታችን ፊቷን አዙራ ወደተቀመጠችበት። «አለቀ» አልኩ በሆዴ።

ጎረቤታችን ብድግ አለች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በቀኝ እግሯ መታቻት። ላስቲክ ጫማዋም ከኳሷ ጋር አብሮ በረረ።

«አርባ ስምንት!» ብለው ጮኹ ጠባቂው።

ኳሷ የወረደችው እናቴ ላይ ነው። በዕድሜዋ ኳስ መትታ የማታውቅ ሴት በግንባሯ ገጨቻት። «አርባ ዘጠኝ!» ለእኔ ደረሰች። እንዴት እንደመታኋት አላውቅም። እልልታው ግን እስከ ገበያው ተሰማ፤ ጠባቂውም እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው እየዘለሉ ነበር።

እናቴ ጫማውን ፈልጋ አመጣች። «አልተሰነጠቀም» አለቻት። የዓመቱ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ቢሰነጠቅስ!» አለች ጎረቤታችን፤ ሁለቱም ተያይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የቦኖው ፊት ሌላ ቦታ ሆነ። ጠባቂው ራሳቸው ጠጠሩን ጠርገው ክብ አሰመሩልን። ውሃ በማይመጣበት ቀን እንኳ ሰው ይመጣ ነበር፤ ባልቴቶች ሳይቀሩ ቆጣሪ ሆነው።

አሁን ቧንቧው በየቤቱ ገብቷል። ቦኖው ተዘግቷል፣ ጠባቂውም አርፈዋል። ጎረቤታችን አልጋ የያዘች ጊዜ ከወገል ጤና ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ እግሯን ታጥባታለች። የጎረቤታችን ድምፅ ደክሟል፣ ቀልዷ ግን አልተዋትም።

«ቀኙን ደህና አድርገሽ እጠቢው» አለቻት። «ባለውለታሽ ነው።»

እናቴ ጣሳውን አነሣችና ቀኙ እግር ላይ ለብ ያለ ውሃ ጨመረችላት።