የፋጡማ መሶብ

በሐረር ምድር ቄሰ ገበዝን እምቢ ያለ የመጀመሪያው ጀግና እኔ ነኝ። ያኔ ከተሸከምኩት መሶብ ብዙም የማልበልጥ ልጅ ነበርኩ።

ዛሬ ባለቤቴ ያንን መሶብ ከግድግዳ አውርዳ በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው፣ የሣሩ ሽታ ያንን የማኅበር ቀን አስታወሰኝ። የእናቴን ድፎ ዳቦ በመሶቡ ይዤ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ቄሰ ገበዙ በመቋሚያቸው አገዱኝ።

«ይሄን የሰፋችው የጀጎል እስላም ናት፤ አይገባም!»

እናቴ ከኋላዬ ደረሰች። «አዎ አባ፣ ጎረቤቴ ፋጡማ ናት። ይሄን ልጅ ስወልድም ወገቤን የያዘችኝ እሷ ናት። እጇ የነካው የማይገባ ከሆነ፣ እሱን ምን ብለው አጠመቁት?»

እኔም መሶቡን እንዳቀፍኩ በሩ መሐል ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አበጀህ የኔ አንበሳ! እኛም አንገባም!» አሉ ከእናቴ ጋር የመጡት ሴቶች፤ ዳቧቸውን ይዘው ከጎኔ ተደረደሩ። ውስጥ የሚጠብቀው ማኅበርተኛ ሆዱ ሲጮህ ከከተማው ውጭ እስከ ድሬ ጠያራ ተሰማ።

ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን አነሱ። «በቃ፣ ግቡ እንግዲህ!»

እናቴ መሶቡን ከእጄ ተቀብላ ቀድማ ገባች፤ ሁሉም ተከተላት። እኔ ብቻ በሩ ላይ ቀረሁ።

የሰፈሩ እናቶች እስካሁን «እምቢ ብሎ ተቀመጠ» እያሉ ያሞግሱኛል። የተቀመጥኩት መቋሚያውን ሳይ ጉልበቴ ከድቶኝ ነው፤ ሳልነሳ የቀረሁት ደግሞ ሱሪዬን ስላረጠብኩት።