ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ መቆም

ለመሆኑ ሌላው ሰው ሲሳሳት እያያችሁ እጃችሁን መሰብሰብ አቅቷችሁ ያውቃል? እኔ በየቀኑ ያቅተኛል። መምህር ነኝ። ተማሪ ሰሌዳ ላይ አንድ ፊደል ካዛባ ጠመኔውን ተቀብዬ ራሴ ጽፌ እጨርሳለሁ። ይህን «ማስረዳት» እለው ነበር።

ጎሬ አማርኛ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት መቱ ወርጄ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ። የትምህርት ቤታችንን ፈተና ሁሉ የሚተይቡት ጸሐፊያችን ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። እኔ ግን መምህራን በሙሉ እየሰሙ «የሰባተኛ ክፍልን ፈተና ዘንድሮ ራሴ ተይቤ አመጣለሁ» አልኩ።

እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ይሁና! ፈተናው ሰኞ ጠዋት አይደል? እናያለን።»

ዓርብ ከሰዓት ስከፍተው ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛ እንጂ አማርኛ አይጽፍም። እትዬ ፊት ባዶ እጄን መቆሜ ታየኝ። ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን በፎጣ፣ ፎጣውን በፌስታል ጠቅልዬ በዝናብ ወደ መቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኪሴ ውስጥ ችግሩን በተራ ቁጥር የዘረዘርኩበት ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር።

የገዛሁበት ሱቅ ባለሙያ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ወረቀቱን አገላብጣ መለሰችልኝ።

«ባርሲሳ» አለችኝ፤ መምህር ማለቷ ነው። «የሐኪም ቤት ካርድ ነው ይሄ? ተራህ ሲደርስ በእጅህ ታሳየኛለህ። ደግሞ ይቺን ላስቲክ ለሠርግህ ነው ያቆየሃት?»

ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ የመጣውን ስስ ላስቲክ አቧራ እንዳይነካው ብዬ አልላጥኩትም ነበር። በአደባባይ ላጥኩት።

ከእኔ በፊት ተራ የያዙት ከጎሬ ወዲያ ካለችው ቡሬ የመጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍቱ አዲስ ኮምፒውተር ገዝተው አንድ ገጽ ማተም ይማራሉ። ባለሙያዋ አጠገባቸው ተቀምጣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራለች።

«ለምን አትነኪላቸውም?» አልኳት።

«እኔ ከነካሁት የማውቀው እኔ ነኝ። ቡሬ ሲደርሱ ቢጠፋባቸውስ? በዚህ ዝናብ ይመለሱ?»

ጋሼ ማውሱን እየገፉ፣ እየገፉ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረሱ። ቀና አሉ። «ልጄ፣ ጠረጴዛው አለቀብኝ። አሁን በየት ልሂድ?»

እጄ ከአፌ ቀደመ። ማውሱን ያዝኩት። «አይ ጋሼ፣ እንዲህ ነው! ማውስ ማለት እኮ በመሠረቱ—»

«ባርሲሳ! ቡሬ ድረስ አብረሃቸው ልትሄድ ነው?»

«ይምጣ፣ ቤት አለኝ» አሉ ጋሼ። «ግን እንዲህ ካወራ ደንበኛ ያባርርብኛል።»

ያን ጊዜ ከጎረቤት ሻይ ቤት ያዘዘችው ሁለት ሻይ ደረሰ፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የጋሼ። አንዱን በቀኜ፣ ሌላውን በግራዬ አስያዘችኝ። «ማሽን አጠገብ ሻይ አይቀመጥም። እስክንጨርስ ያዝልን።»

ሻዩ ያቃጥላል። የብርጭቆዎቹን አፍ በጣቶቼ ጫፍ ይዤ፣ የመድረክ ተሸላሚ መስዬ ቆምኩ። አፌም አብሮ ተያዘ፤ ለካ እኔ ያለ እጅ ማውራት አልችልም። ጋሼ ማውሱን ትንሽ አዩት። ከዚያ ብድግ አድርገው ወደ ጠረጴዛው መሐል መለሱት።

«አሃ! ይነሳል ለካ!»

ማንም አልነገራቸውም። እኔ ብሆን አሥር ደቂቃ አስረዳቸው ነበር። ያተሟትን አንድ ገጽ እንደ ምስክር ወረቀት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና የቀዘቀዘ ሻያቸውን ተቀበሉኝ።

የእኔ ተራ ደረሰ። እሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትናገራለች፤ እኔ እጫናለሁ። የአማርኛውን ፊደል ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሳትኩ። «ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በል» ትለኛለች። በመጨረሻ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከታች ካለው ረጅም ቁልፍ ጋር አንድ ላይ ተጭኜ ስጽፍ «ሀ» ብቅ አለች። ልጅ የተወለደልኝ ያህል ሳቅሁ።

«ወደ እንግሊዝኛ መልሰውና እንደገና» አለች። አምስት ጊዜ አስደገመችኝ።

እሑድ ፈተናውን ተየብኩ። ሰኞ ማለዳ ለማተም ወደ እትዬ ቢሮ ይዤ ገባሁ። እትዬ አነበቡና «አምስተኛው ጥያቄ መመሪያ የለውም» አሉ። ልጨምር ስነካው የሚወጣው እንግሊዝኛ! እትዬ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ፤ ፈገግታቸውን በቅርብ እንዳየው ይመስለኛል። እኔ ሳስብ ጣቶቼ ቀድመውኝ ሁለቱን ቁልፎች ተጫኑ። «ሀ።» መመሪያው ተጻፈ፤ ፈተናው ደወል ሳይደወል ታተመ።

«የኔ አሮጌ ማሽን እንዲህ አይታዘዝም» አሉ እትዬ። «እስቲ እኔንም አሳየኝ።»

እጄ ሊዘረጋ ሲል ወጣሁና ከመምህራን ሻይ ቤት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዤ ተመለስኩ።

«ምነው አታስቀምጠውም?»

«አይቻልም፣ እትዬ። እርስዎ ይጫኑት።»

ሁለት ጊዜ ሳቱ። ጣቴ ተቃጠለ፤ ምላሴ ደግሞ ካልተናገርኩ ብሎ የበለጠ። በሦስተኛው አገኙት፤ «አንተ ሳትናገር ነው የገባኝ» ብለውም ሻዩን ነጠቁኝ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ነገ ልጃችሁ ወይ እናታችሁ «አሳየኝ» ቢሏችሁ፣ መጀመሪያ ሁለት ትኩስ ሻይ አስቀዱ። አደራ፣ ማስቀመጫ አትፈልጉ።