የበር እጀታ የሚሞክረው ሰው

ቤካኒ ዞንዲ በደቡብ አፍሪካዋ የፒተርማሪትዝበርግ ከተማ ከታክሲ ተራው ማዶ ባለው የገበያ ማዕከል የቆሙ መኪኖችን ይጠብቃል። ደመወዝ የለውም። እንዲያውም ለሚቆምበት ቦታ በየጠዋቱ ለአንድ ድርጅት የሚከፍለው እሱ ነው፤ ቢጫ ሰደርያውንም የገዛው ከኪሱ ነው። የሚያገኘው ባለመኪናው ሲወጣ በመስኮት የሚዘረጋለትን ጉርሻ ብቻ ነው። ሲቀበል ሁለት እጁን ገጥሞ፣ እንደ አገሩ ወግ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ነው። ሰጪዎቹም አያዩትም።

ማምባታ ግን አይሰጡም። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ ፒካፓቸው ጨርቅ ሊገዙ ይመጣሉ።

«አልሰጥህም» ይላሉ፣ ገና ቁልፋቸውን ሳያወጡ።

«መች ጠየቅኩ፣ ማ?» ይላል፣ እናቴ ለማለት።

«እጅህ ጠየቀኝ። ደሞዝህን መክፈል ያለባቸው እነዚህ ባለሱቆች ናቸው። እኛ ሳንቲም እየወረወርን እነሱን ገላገልናቸው።»

«እስኪከፍሉ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ሂድና እነሱን ጠይቅ» ይሉና ሞተሩን ያስነሳሉ። ከዚያ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ኖክዋዚ ሳሉ ተሻላት?» ይላሉ፣ ስለ ሴት ልጁ።

ቤካኒ አንድ ልማድ ነበረው። ሌቦች የመኪናን የሪሞት ቁልፍ ምልክት የሚያፍን መሣሪያ ከያዙ ወዲህ ባለቤቱ የቆለፈ ይመስለዋል እንጂ በሩ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ሰው መኪናውን አቁሞ ወደ ሱቅ ሲሄድ ቤካኒ የበሩን እጀታ ሳብ አድርጎ ይሞክራል፤ ከተከፈተ ሮጦ ባለቤቱን ይጠራል። ከመሞከሩ በፊት ሁሌ ዙሪያውን ይቃኛል። በዚህ ሰፈር «ሌባ» ከተባለ በኋላ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። ታክሲ ተራው ላይ አንዱን ሲደበድቡት አይቷል። ሰውየው አልተነሳም።

በወር መጨረሻ ቅዳሜ፣ የአንዲት ግራጫ መኪና እጀታ ሲስብ በሩ ተከፈተ። ባለቤቱን ሊጠራ ወደ ሱቁ ሲዞር፣ የመኪናዋ ባለቤት የሆነ ወጣት የረሳውን ቦርሳ ሊወስድ እየተመለሰ ነበር።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸ ወጣቱ።

የታክሲ ተራው ሰው መንገዱን ተሻግሮ መጣ። አንዱ የሰደርያውን አንገት ጨመደደው።

«ለማን ነው የምትሠራው?»

ቤካኒ «ለ... ለሁላችሁም» አለ።

«እኔ አልቀጠርኩህም» አለ አንዱ፤ ሳቁ። ሌላው ቀበቶውን መፍታት ጀመረ።

ቤካኒ ሰማያዊ መኪና የሚነዱትን ሽማግሌ አየ። ለዓመታት ከእጃቸው ጉርሻ ተቀብሏል። «ባባ፣ ያውቁኛል! ይንገሯቸው!»

ሽማግሌው አተኩረው አዩት። «ሰደርያውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ፊቱን ግን... እንጃ።» መስኮታቸውን ዘግተው ሄዱ።

የመጀመሪያው ቀበቶ ጆሮውን አገኘው። 

«ልቀቁት!» ማምባታ በጥቅል ጨርቃቸው ሰዉን እየገፉ ገቡ። «ዞንዲ ነው። ሴት ልጁ ኖክዋዚ ትባላለች፣ የሳንባ በሽተኛ ናት። እሱ ራሱ ከጥላው ይደነግጣል፣ ምን ሊሰርቅ ይችላል?»

«ዘመድዎ ነው?»

«አይደለም። አምስት ሳንቲም ሰጥቼው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እጨቃጨቀዋለሁ።» ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አንተ፣ ቦርሳህ አለ?»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ አየ። «አለ።»

«በሩ ክፍት፣ ቦርሳው ወንበር ላይ፣ እሱ ወደ ሱቁ ዞሮ። ሌባ እንዲህ ነው? በል ቁልፍህን ተጫንና ሞክረው።»

ወጣቱ ተጫነ። በሩ አልተቆለፈም። ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ እውነተኛው ሌባ አፋኙን መሣሪያ እንደያዘ እዚያው መካከላቸው ሊሆን ይችላል።

ቀበቶው ቀስ ብሎ ወደ ወገብ ተመለሰ። «ዛሬ አመለጥክ» አለው የቀበቶው ባለቤት፣ እንደ ቀልድ።

«ግባ» አሉት ማምባታ ፒካፑን ከፍተው። በታክሲ ተራው በኩል ሲያልፉ ቤካኒ ወንበሩ ላይ ወደ ታች ተንሸራተተ።

«ነገ ትመጣለህ?»

«ከቀረሁ እውነትም ሌባ ነበር ይላሉ፣ ማ።»

«ከመጣህስ?»

ቤካኒ ከጆሮው የሚወርደውን ደም በእጅጌው ያዘ። «መስኮቱን ልዝጋው?» አለ።

ቀኑ ያቃጥል ነበር። ማምባታ ወደ ኋላ በሚያሳየው መስታወት ሰዎቹ አሁንም ቆመው ሲመለከቷቸው አዩና የራሳቸውንም ዘጉ።