ላኪው ያልታወቀ ድንጋይ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጣራ በድንጋይ ከተበሳ በኋላ አባዬን ለማስፈታት አሥራ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ ያለቁት ድንጋዩ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ምን ዓይነት አረንጓዴ ነው በሚል ክርክር ነው። ይህን ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም።

ቤታችን አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። አባዬ ከሐዲድ ሥራ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ ሥር የሚነጠፍ ድንጋይ ሲፈልጥ ስለኖረ ድንጋይ ያውቃል። የሚናገርበትን ቦታ መምረጥ ግን አያውቅም፤ እኔም በዚህ የወጣሁት እሱን ነው። የምሠራው በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ሲሆን ሌት ተቀን የምንሰፋው የወታደር ልብስ ነበር። ከአጥራችን ማዶ ሊቀመንበሩ ይኖራል። ሊቀመንበር ስለተባለ እንጂ እኛው ግቢ ያደገ ልጅ ነው፤ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከአንድ ትሪ በልቷል። የብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ሲዘጋጅ የወንድሜን ስም የጻፈውም እሱ ነው። «ቁጥሩ አልሞላልኝም ነበር ጋሼ» አለው አባዬን፣ ጨው አንሶት ከጎረቤት እንደተበደረ ሰው።

ወንድሜ በተወሰደ በሁለተኛው ወር ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ስለ ንቃት ሲያስረዳ አባዬ እጁን አወጣ። ጥያቄ ያለው መስሎት ዕድል ሰጠው። አባዬ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀና «ሰማይ ቤትህ ላይ ድንጋይ ያውርድ፤ ልጄንም ይመልስልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ «ይህ አስተያየት ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገረ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። በሳምንቱ፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ደመና በሌለችበት ሰማይ ጉምጉም የሚል ድምፅ መጣ። መንገድ ላይ የጋሪ ፈረስ በረገገ። የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ ያለ አለ፣ አውሮፕላን ነው ያለም አለ። ወዲያው ቆርቆሮ ሲቀደድ ሰማን። ሁለት ጡጫ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ የሊቀመንበሩን አዲስ ጣራ በስቶ፣ ኮርኒሱን አልፎ፣ አልጋው ላይ ትራሱ አጠገብ ተቀምጦ ተገኘ። ደግነቱ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። አባዬ በዚያ ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር ብቻውን ተጋድሟል። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ቀሰቀሱት፣ የሆነውንም ነገሩት። «ተመስገን» አለ። በቃ፣ ይቺ ተመስገን የምርመራው መዝገብ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሠፈረች።

ያሰሩት የቀበሌው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። አባዬ አስም አለበት፤ መጋዘኑ ደግሞ ጤናማውንም የሚያስነጥስ አቧራ ነው። ምግብ ሳደርስለት ከበሩ ውጭ ሆኜ ትንፋሹ ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። ሊቀመንበሩ ድንጋዩን አባዬ በአጥር ላይ እንደወረወረው እርግጠኛ ነው። ፋይሉን ከቀበሌው በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛ ካስተላለፈው «የአብዮቱን አመራር ለመግደል ሙከራ» ይባልና ነገሩ ያበቃል። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ማለት ነው፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እሱም አንድ ነገር ፈቀደልኝ፤ ድንጋዩ በኮሚቴ እንዲመረመር።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ራሱ ሊቀመንበሩ ሆነ። አንዱ አባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ሥነ ሕይወት ስለሆነ ድንጋይ የሚያውቀው ተማሪ ሲወረውርበት ብቻ ነበር። ሌላው ከከተማው ዳር ካለው የገበሬ ማኅበር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ በከብት ንግድ የታወቁ፣ «አካም ቡልተኒ» ብለው እያንዳንዳችንን ሰላም ሳይሉ የማይቀመጡ ሰው። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ ሆንኩ፣ ያውም ያለ ድምፅ። የተከሳሽ ልጅ የክሱን ቃለ ጉባኤ ትጽፋለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

መምህሩ አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ቅርፊቱ እንደተቃጠለ ጥቁር፣ ውስጡ አመድማ ሆኖ፣ የሚያብለጨልጭ ብረትና አንዳንዴም አረንጓዴ ፍሬ እንደሚገኝበት አነበበልን። ሊቀመንበሩ አልተዋጠለትም። «በዚህ አገር የሌለ የድንጋይ ቀለም የታለ?» አለ። አልዋሸም። እኛ ዘንድ ጥቁር ባልጩት አለ፣ ቀይ ድንጋይ አለ፣ ተረከዝ የምንፍቅበት ነጭ ድንጋይ አለ፤ እግር ባነሣን ቁጥር አንዱ ይመታናል። ስለዚህ ድንጋዩ ተሰብሮ ውስጡ ይታይ ተባለ።

ሞከሩ። መምህሩ በዘነዘና መታው፣ ነጠረና ጉልበቱን አገኘው። የአብዮት ጥበቃው በጠመንጃ ሰደፍ ካልመታሁ ብሎ ተከለከለ። በመጨረሻ ሽማግሌው «መስበር የሚችል ሰውማ መጋዘን ውስጥ ቆልፋችሁበት የለም እንዴ?» አሉ። እውነት ነው። አባዬን በጥበቃ አጅበው አመጡት፤ እኔም መዶሻውን ከቤት አምጥቼ ሰጠሁት። ድንጋዩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቱ ቆረቆረው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ አንዴ ብቻ መታው። ለሁለት ተከፈለ። «ይኼ የኛ አገር ድንጋይ አይደለም፤ ድምፁ ሌላ ነው» አለ። ሊቀመንበሩ ተቆጣና «ተከሳሽ አስተያየት መስጠት አይችልም» አለው። አባዬ መዶሻውን መለሰልኝና «እሺ፣ በል መልሰህ ቆልፍብኝ» ብሎ እያሳለ ሄደ።

ውስጡ አመድማ ነበር። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የሚያበሩ ነጥቦች አሉት፤ በመሐከላቸው ደግሞ ያ አረንጓዴ። አይቼው የማላውቅ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ቢጫም ወደ ቡናማም የሚያደላ። አመድማውን ሽማግሌው ወዲያው ፈረዱት፤ «ዳለቻ ነው፤ እንዲህ ያለ በሬ ሸጬ አውቃለሁ» አሉ። አረንጓዴው ላይ ግን ኮሚቴው ለቀናት ታነቀ። መምህሩ መጽሐፉ «የወይራ አረንጓዴ» ይላል ብሎ ተረጎመ። ሊቀመንበሩ እንግዲያው ወይራ ይምጣ አለ። ሰው ተልኮ የወይራ ቅርንጫፍ መጣ። ቅጠሉን ድንጋዩ ላይ ቢያስጠጉት በላይ በኩል ጠቆረ፣ በታች በኩል ነጣ፤ ፈጽሞ አይመሳሰልም። መጽሐፉ የሚለው ፈረንጅ የሚበላውን ፍሬ እንደሆነ መምህሩ ቢያስረዳም ያንን ፍሬ ያየ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። «ድንጋዩ የወይራን ፈተና ወድቋል» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩ። አባዬ በዚያ ቀን ምግቡን ሳይነካ መልሶልኛል።

በማግሥቱ የክር ሳጥኔን ይዤ ሄድኩ። ልብስ ሰፊ ቀለም የሚያውቀው በስሙ አይደለም፣ በክሩ ነው። አንድ በአንድ እየመዘዝኩ ድንጋዩ ላይ አስተኛሁ። የጎመኑ አረንጓዴ ደመቀ፣ የባንዲራው ጮኸ። በመጨረሻ በየቀኑ የምሰፋበትን ሳስተኛው ክሩ ጠፋ። ድንጋዩ ላይ ነው ያለው፣ ግን ዓይን አይለየውም። የወታደር ልብስ ክር ነው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና «ሁለቱም ከአንድ እናት ናቸው» አሉ። ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቀው። የመንግሥት ቀለም ሰማይ ላይ ምን ይሠራል? «የየትኛው አገር ወታደር?» ብሎ መምህሩን ጠየቀው። መምህሩ መጽሐፉ ይህን እንደማይል በትሕትና መለሰ፤ ፈረንጅ «የወይራ አረንጓዴ» የሚለው ግን ይኸው የወታደር ቀለም መሆን አለበት አለ።

ብረቱን ለማረጋገጥ መርፌ የምለቅምበትን ማግኔት አወጣሁ። ሊቀመንበሩ ከለከለኝ፤ የተከሳሽ ወገን ማግኔት ያዳላል አለ። ስለዚህ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተፈትቶ ማግኔቱ ወጣ። ድንጋዩ ላይ እጥብቅ ብሎ ተለጠፈ። ማጉያው መልሶ አልገጠም ብሎ ለሁለት ሳምንት ዝም ስላለ ሠፈሩ በሙሉ አባዬን መረቀው። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። የድንጋዩ አረንጓዴ የወታደር አረንጓዴ መሆኑ፣ ከሰማይ መምጣቱም በሁለት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦ ያደረገው ሊቀመንበሩ ነው፤ ባለ ጣራ ስለሆነ አያምርብኝም አለ።

አለቀ ብዬ አለቀስኩ። የት አለቀና። ሊቀመንበሩን አሁን የጨነቀው ሌላ ነገር ነው። ሰው መጋዘኑ መስኮት ሥር እየመጣ ለአባዬ ጉዳዩን መንገር ጀምሯል፤ አንዷ ባሏ ከሻሸመኔ እንዲዛወር፣ አንዱ አማቱ ወደ ቤቷ እንድትመለስ። ስለዚህ አባዬ ሊፈታ ሲል ፈርምበት የተባለው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፤ «ድንጋዩ ያለማንም ጥያቄና ፍላጎት በራሱ የወደቀ መሆኑን አምኛለሁ።»

አባዬ አልፈርምም አለ።

ጮህኩበት። አባቴ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር። «አንተ መጋዘን ውስጥ ታንቀህ ብትሞት ማን ይጠቀማል? እኔስ ብቻዬን ልቅር? ወረቀት ነው አባዬ፣ ወረቀት!» አልኩት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው» አለኝ። «አንደኛው መጣ፣ ያውም የልጄን ልብስ ለብሶ፤ ክሩን ያስተኛሽው አንቺ ነሽ። እሱን በራሱ ነው የወደቀው ብዬ ከፈረምኩ፣ ሁለተኛውን ማን ያመጣልኛል?»

ስብሰባው ላይ ሁላችንም ስለ ድንጋዩ የተናገረውን ብቻ ነበር የሰማነው።

ወደ ኮሚቴው ተመልሼ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ድምፅ የለሽም ያለኝ አልነበረም። መምህሩ መነጽሩን ይጠርግ ጀመር። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ያያል። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው «ልጆቼ፣ ያየነውን እንጻፍ፣ ያላየነውን አንጻፍ» አሉ። «ቀለሙን አይተናል። የላከውን አላየንም።» ወረቀቱ ተቀደደ፣ እኔም ሌላ ጻፍኩ፤ «ድንጋዩ ከሰማይ መጥቷል። ላኪው አልታወቀም።» ሊቀመንበሩ ማኅተሙን መታበት። አባዬ ሁለት ጊዜ አነበበና ፈረመ፤ ቤት ስንደርስ «አድራሻው ነው እንጂ ያልታወቀው» አለኝ።

ሊቀመንበሩ ጣራውን ለማሳደስ ወደ ከፍተኛ አመለከተ። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ፤ ላኪው እስኪታወቅ ድረስ ቀዳዳው ማስረጃ ስለሆነ እንዳይነካ። እውነቴን ነው የምላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሰውዬው አልጋውን ከጥግ ጥግ ሲያዞር ይሰማናል። ሚስቱ ቀዳዳው ሥር ባልዲ ታስቀምጣለች። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። አባዬ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ተነሥቶ በሩ ላይ ይቆምና ወደ ጣቢያው በኩል ያያል። ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጥቶ ነበር፣ ከዚያ ምንም።

ደርግ በወደቀ ጊዜ የተበተነ ወታደር በከተማችን በእግሩ ያልፍ ነበር። ሴቶች ውሃና ቂጣ ይዘን መንገድ ዳር እንቆማለን። ወንድሜን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ማለቴ አላወቅሁትም፣ እሱ ነው በስሜ የጠራኝ። ከሰውነቱ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነበር። ያን እኔ የሰፋሁትን ዓይነት ልብስ ለብሷል፤ ቀለሙ ለቆ የድንጋዩን የሚመስለው ብብቱ ሥር ብቻ ቀርቷል። ቤት ስንደርስ አባዬ የወንድሜን ፊት በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

በማግሥቱ ጠዋት ከጓሮ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ፣ መሰላልና መዶሻውን ይዞ ወጣ። እኔና ወንድሜ ተከተልነው። ሊቀመንበሩ በዚያ ሰሞን በሩን ዘግቶ ነበር የሚውለው፤ የበደለው ሰው ብዙ ነው። አባዬ ሲያንኳኳ በስንጥቁ አየውና ከፈተ። መዶሻውን ሲያይ ግድግዳውን ተደገፈ። «ጋሼ፣ ይማሩኝ» አለ። ከኋላ የቆመውን ወንድሜንም ያኔ አየው።

«መሰላሉን ያዝልኝ» አለው አባዬ። «የጠየቅሁት ሁለቱም ደርሷል። ቀዳዳው ከእንግዲህ ምን ይሠራል?»

ትንፋሹ እያፏጨ፣ በየደረጃው እያረፈ ወጣ። እኔ ታች ሆኜ ይወድቃል ብዬ ነፍሴ ተጨንቃለች። ሊቀመንበሩ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ እንባው ይወርዳል፤ ወንድሜ ደግሞ ሚስማር ያቀብላል።