ደም ሥራቸው የማይገኘው ጋሽ ድብቁ

ጋሽ ድብቁ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሆስፒታሉ ነርሶች ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን በሌላ ነገር ታወቁ። ደም ሥራቸው አይገኝም። ለግፊታቸው ክትትል ደም ሊሰጡ በመጡ ቁጥር አንዷ ነርስ ቀኙን ክንድ፣ ሌላዋ ግራውን ትደባብስና ተስፋ ትቆርጣለች። በመጨረሻ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ትጠራለች። እሷም ብትሆን ላብ ጠብ ሳይላት አታገኘውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያማርር ነበር። እሳቸው ግን እጅጌያቸውን የሚሰበስቡት ሜዳልያ እንደሚያሳይ ሰው ነው። "አይዞሽ ልጄ፣ ካንቺ የበለጡትም አላገኙት" እያሉ መርፌ የያዘችውን ያጽናናሉ። ቤት ሲገቡም ወሬው ይኸው ነው።

"ዛሬስ ስንቷን አስለቀስክ?" ይላሉ ባለቤታቸው።

"ሁለቱ እጅ ሰጡ። ሲስተር ባትኖር ኖሮ እሷም..."

"ደም ሥርህስ ይደበቅ። ካልሲህን የት የት እንደምትደብቀው ነው ያልገባኝ!"

በዚያ ሰሞን የአካባቢው ሆስፒታሎች የሕክምና መሣሪያ ከሚሠራ አንድ ድርጅት ጋር አብረው ለመሥራት ተስማሙ። ድርጅቱ አንድ መብራት ሠርቷል፤ ክንድ ላይ ሲያበሩት ደም ሥር እንደ ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ የሚታይበት። ሆስፒታሎቹ ደግሞ ድርጅቱ የሌለው ነገር አላቸው፦ በሽተኛ። እያንዳንዱ ሆስፒታል አስቸጋሪ ክንድ ያላቸውን ሰዎች መርጦ እንዲልክ ሲጠየቅ፣ የጋሽ ድብቁ ሆስፒታል ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልፈጀም።

የድርጅቱ መኪና ደጃቸው ድረስ እየመጣ ይወስዳቸው ጀመር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያመላልሱ የኖሩት ሰውዬ፣ አሁን በተራቸው ጋቢና ተቀምጠው ጎረቤቱን በግራም በቀኝም እጅ እየነሱ ይሄዳሉ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ችግሩ መብራቷ ነች። በየጊዜው እየታረመች፣ ዓይኗ እየበረታ መጣች። ከዕለታት አንድ ቀን የድርጅቱ ወጣት ኢንጂነር፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት፦

"አባባ፣ የፊታችን ማክሰኞ ሆስፒታል መጥቼ የመጨረሻውን ሙከራ አደርጋለሁ። የእርስዎን ካገኘች ሥራዋ አለቀ፣ ፋብሪካ ትገባለች!" አለቻቸው።

መብራቷ ፋብሪካ ስትገባ መኪናውም፣ ጋቢናውም፣ ስማቸውም አብረው መቅረታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ጋሽ ድብቁ ማንም ሊወጋቸው የሚችል አንድ ጡረተኛ ይሆናሉ።

ያኔ የሲስተር ምክር ትዝ አላቸው። "ውሃ ጠጥተው ይምጡ፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ደም ሥሩ ይሟሽሻል" ትላቸው ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ውሃ እርም አሉ። ባለቤታቸው ብርጭቆ ሞልተው ሲሰጧቸው "እሺ፣ እሺ" ብለው ይቀበሉና፣ ዞር ሲሉላቸው መስኮቱ ሥር ላለው የአበባ ማሰሮ ያጠጡታል። አበባው እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ምላሳቸው ከትናጋቸው ተጣብቆ ሆስፒታል ደረሱ። ኢንጂነሯ መብራቷን ክንዳቸው ላይ አበራች። ምንም የለም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ክንድ አዞረቻት። ደም ሥራቸው የውሃ ሽታ ሆነ።

"ባለፈው እኮ ሊታይ ትንሽ ነበር የቀረው!" አለች፣ መብራቷን አጥፍታ እንደገና እያበራች።

"ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ የተፈጥሮ ነገር ነው" አሉ ጋሽ ድብቁ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

ወዲያው ከመጋረጃው ማዶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ነው፤ ግሉኮስ ሊሰጠው ደም ሥሩ ጠፍቶ ነርሷ ደጋግማ ትወጋዋለች። እናትየዋ ጭንቅላቱን ደግፋ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። እንዳታይ ነው፤ ጆሮዋን የምትይዝበት ሌላ እጅ ግን አልነበራትም። ኢንጂነሯ መብራቷን ይዛ ሮጠች። እዚያም ምንም አልታየም።

"ልጁ ውሃው አልቋል፤ ደም ሥሩ ሟሽሿል። ቆይ እኔ በእጄ ልሞክር" አለች ሲስተር።

ጋሽ ድብቁ ክንዳቸውን አዩ፤ ከዚያ መጋረጃውን አዩ። ሲስተር የልጁን ደም ሥር አግኝታ፣ ልጁም ዝም ብሎ እስክትመለስ ድረስ አንገታቸውን ቀና አላደረጉም።

"ሲስተር፣ ውሃ አምጪልኝ።"

"ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?"

"አላመመኝም። ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመስኩም። አውቄ ነው።"

ኢንጂነሯ አፏን ከፈተች። "አውቀው? ለምን?"

"ከተገኘ በኋላ ማን ይጠራኛል ብዬ ነዋ!"

ሲስተር ሳቋን ለመያዝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኢንጂነሯ ግን አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። "እኛ ድርጅቱ ውስጥ የሞከርነው በራሳችን ክንድ ነው፤ የውሃ ጠርሙስ ከእጃችን አይለይም። ሆስፒታሎቹ የሚልኩልን ሰዎችም ሁሉ ውሃ ጠጥተው ነው የሚመጡት" አለች ቀስ ብላ። "የደረቀ ሰው ላይ አብርተናት አናውቅም ማለት ነው።"

ጋሽ ድብቁ ውሃቸውን ጠጥተው፣ አርፈው፣ እንደገና ክንዳቸውን ዘረጉ። መብራቷ ስትበራ ያ ስንት ነርስ ያስለቀሰ ደም ሥር ከክርን እስከ አንጓ እንደ አስፋልት መንገድ ተዘረጋ። አንገታቸውን አስግገው አዩት።

"ይኼው ነው እንዴ?" አሉ ቅር ብሏቸው።

መብራቷ ያን ቀን ፋብሪካ አልገባችም፤ የደረቀ ክንድ ላይም እንድታይ ልትታረም ተመለሰች። ኢንጂነሯ ስትሰናበታቸው "መኪናው የፊታችን ማክሰኞ ይመጣል አባባ" አለቻቸው፤ "ግን ጠጥተው ነው የሚመጡት! በደረቀ ክንድ ለሚደረገው ሙከራ ሐኪሞቹ ሌላ መላ ይፈልጋሉ።"

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው እንደልማዳቸው "ዛሬስ ስንቷን አስለቀስክ?" አሏቸው።

"ማንንም። ተገኘሁ።"

ባለቤታቸው ቀና ብለው አዩዋቸው። የሚቀልዱበት ነገር አላጡም፤ ተዉት እንጂ። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልተው ሰጧቸውና ከፊታቸው ቆሙ።

"እንካ፣ አሁን እዚሁ ጠጣ" አሉ። "አበባው ጠግቧል።"